ትኩሳት ያለበት ወታደር፦ ጦር ሠራዊቶች ኢንፍሉዌንዛን የሚከታተሉባቸው ተቋማት እንዴት ተመሠረቱ?

(«ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ተቋሙን የወለደው ወረርሽኝ

በመጋቢት 1918 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ካምፕ ፈንስተን በሚባል የጦር ማሠልጠኛ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ምልምሎች ትኩሳትና ሳል ይዟቸው ሆስፒታል ገቡ። በሽታው መጀመሪያ የተነሣው እዚያ ነው የሚሉ አሉ፤ በሰሜን ፈረንሳይ ኤታፕል ከነበረው ግዙፍ የእንግሊዝ ጦር ሰፈር ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። የማያከራክረው ግን መንገዱ ነው፤ በሽታው ከሰፈር ወደ ሰፈር፣ ከወታደር ባቡር ወደ ወታደር መርከብ እየተሻገረ ዓለምን አዳረሰ። ከአሜሪካ ምድር ጦር አራት ወታደሮች አንዱ፣ ማለትም ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ታመመ። በዚያ ጦርነት ከጠላት መሣሪያ ይልቅ ኢንፍሉዌንዛና እሱን ተከትሎ የሚመጣው የሳንባ ምች የገደለው አሜሪካዊ ወታደርና ባሕረኛ ይበዛል።

ያው ወረርሽኝ በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የበረታው፣ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ነው። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጠና ታመው ተርፈዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠሉ ልማድ ከዚያ ጊዜ የቀረ ነው።

ለምን ጦር ሰፈር? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከየገጠሩና ከየከተማው የመጡ፣ ሰውነታቸው የተለያየ በሽታ የለመደ ወጣቶች በአንድ ጊዜ ይሰበሰባሉ። አልጋቸው የተጠጋጋ ነው፤ በአንድ አዳራሽ ይበላሉ፣ በአንድ መታጠቢያ ይታጠባሉ፤ እንቅልፍ ያንሳቸዋል፣ ሥልጠናው ያደክማቸዋል። ለአንዱ የመጣ ትኩሳት በሳምንት ውስጥ የመቶው ይሆናል። ከዚያ ሥልጠናቸውን ጨርሰው በአንድ ቀን ወደ ብዙ አገር ይበተናሉ። በ1918 የነበሩ የጦር ሐኪሞች ይህን ሁሉ በዓይናቸው አይተው መዝግበዋል። ያጡት የመከታተያ መሣሪያ ነበር፤ በሽታ አምጪው ቫይረስ መሆኑን ገና የሚያውቅ አልነበረም። ብዙዎች ባክቴሪያ ነው ብለው ስላመኑ፣ በዚያ እምነት የተሠራ ክትባት እስከ መውጋት ደርሰው ነበር።

2. የ1941 ቦርድ፣ የ1947 ውድቀት

የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ለንደን ውስጥ በ1933 ተለየ። ስምንት ዓመት ቆይቶ አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትቃረብ፣ ጦሯ የ1918ቱ እንዳይደገም በመስጋት በጥር 1941 ኢንፍሉዌንዛንና ሌሎች ወረርሽኞችን የሚመረምርና የሚቆጣጠር ቦርድ አቋቋመ። የአደረጃጀቱ ብልኃት እዚህ ላይ ነው። ጦሩ ሁሉን በራሱ ሐኪሞች ልሥራ አላለም፤ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችን በኮሚሽኖች አዋቅሮ ገንዘብ፣ ወታደርና ላቦራቶሪ አቀረበላቸው። ሲቪሉ ጥያቄውን ይዞ ይመጣል፣ ጦሩ ሰፈሩን ይከፍትለታል። የኢንፍሉዌንዛውን ኮሚሽን የመሩት ቶማስ ፍራንሲስ ሲሆኑ፣ በኋላ በፖሊዮ ክትባት ስማቸው የገነነው ጆናስ ሳልክም በእሳቸው ሥር ይሠሩ ነበር።

ኮሚሽኑ በ1943 መጨረሻ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሚሠለጥኑ ወታደሮች ላይ ክትባቱን ሞከረ። ከተከተቡት መካከል የታመሙት፣ ካልተከተቡት አንጻር ሲሶ ያህል ብቻ ሆኑ። በ1945 መላው ጦር ተከተበ፤ ውጤቱም አስደሰተ።

በ1947 ያው ክትባት ከሞላ ጎደል ምንም አልሠራም። የክትባቱ አሠራር አልተበላሸም፤ ቫይረሱ ነበር የተለወጠው፣ ያውም ትናንት ያሠለጠኑት የሰውነት መከላከያ እስከማያውቀው ድረስ። ለእኔ የዚህ ተቋም እውነተኛ የልደት ቀን ከ1941 ይልቅ ይህ የውድቀት ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ ዓላማው ክትባት መሥራት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ቫይረሱን በየዓመቱ፣ በየአገሩ እየፈለጉ መያዝና ማወዳደር የግድ ሆነ፤ በሽታውን መከታተል የክትባቱ ግማሽ አካል ሆኖ ገባ። የዓለም ጤና ድርጅት መሥራቾችም ለንደን ላይ የኢንፍሉዌንዛ ማዕከል የከፈቱት በዚሁ ዓመት ሲሆን፣ በ1952 የየአገሩን ላቦራቶሪዎች የሚያስተሳስር መረብ ተዘረጋ። የወታደሩና የሲቪሉ ተቋም መንትያ ሆነው አደጉ ማለት ይቻላል።

3. ሁለት ፈተናዎች፦ 1957 እና 1976

በሚያዝያ 1957 በዋልተር ሪድ የጦር ምርምር ተቋም የሚሠሩት ሞሪስ ሂልማን፣ ሆንግ ኮንግ ውስጥ በበሽታው የተያዙ ሰዎች ክሊኒኮችን ማጨናነቃቸውን ከጋዜጣ አነበቡ። ወዲያው ጃፓን ወዳለው የጦሩ የሕክምና ላቦራቶሪ ናሙና እንዲፈለግ መልእክት ሄደ፤ ሆንግ ኮንግ ደርሶ ከታመመ አንድ የባሕር ኃይል አባል ናሙና ተወስዶ ዋሽንግተን ገባ። ከብዙ ሰዎች ደም ጋር ሲመረመር፣ ከጥቂት አዛውንት በቀር ማንም የመከላከል አቅም እንደሌለው ታወቀ። ናሙናው ለክትባት አምራቾች ተላከና መኸር ሲገባ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ክትባት ተዘጋጀ። የግለሰቡ ንቃት የሚደነቅ ቢሆንም ጃፓን ውስጥ ላቦራቶሪ፣ ወደብ ላይ ሐኪም፣ በመካከላቸውም ዕቃ የሚያመላልስ አውሮፕላን ባይኖር ጋዜጣው ጋዜጣ ሆኖ ይቀር ነበር።

የ1976ቱ ፈተና መራራ ነው። በኒው ጀርዚ ፎርት ዲክስ አንድ ምልምል ሞተ፤ ናሙናው ሲመረመር ከአሳማ ቫይረስ ጋር የሚዛመድ ዓይነት ተገኘ። ፍተሻው ሲሰፋ እስከ 230 የሚደርሱ ወታደሮች እንደተያዙ ተገመተ። የ1918 ትዝታ ገና ትኩስ ስለነበር መንግሥት መላውን ሕዝብ እንዲከተብ ወሰነ፤ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰውም ተከተበ። ቫይረሱ ግን ከሰፈሩ አልወጣም። በተከተቡት ዘንድ ጊያን-ባሬ የሚባል የነርቭ ሕመም ከወትሮው በዝቶ በመታየቱ ዘመቻው በታኅሣሥ ቆመ። ሰፈሩ ቫይረሱን በትክክል አይቷል፤ ያየው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ግን ሊነግር አልቻለም። ይህን ልዩነት ያላወቀ ባለሥልጣን ዛሬም ያንኑ ስሕተት ሊሠራ ይችላል።

በዚያው በ1976 የአሜሪካ አየር ኃይል ፕሮጀክት ጋርግል በሚል ስም ቋሚ የኢንፍሉዌንዛ ቅኝት ጀመረ፤ ማዕከሉ ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ ነበር። የየጦር ሰፈሩ ክሊኒክ ጉሮሮው የታመመውን ወታደር ናሙና ይልካል፣ ማዕከሉ ቫይረሱን ያሳድጋል፣ ዓይነቱን ይለያል። ሥራው ዛሬ በኦሃዮ ራይት-ፓተርሰን አየር ሰፈር ይቀጥላል።

4. ብዙ ላቦራቶሪዎች፣ አንድ መረብ

እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ የምድር ጦሩ፣ የባሕር ኃይሉና የአየር ኃይሉ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይሠሩ ነበር። በሰኔ 1996 የወጣ የፕሬዚዳንት መመሪያ አዳዲስ ተላላፊ በሽታዎችን መከታተል የመከላከያ ሚኒስቴሩም ግዴታ እንዲሆን አዘዘ፤ በ1997ም ይህን ሁሉ የሚያስተባብር ጌይስ የተባለ ዓለም አቀፍ የበሽታ ቅኝት ፕሮግራም ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ሆንግ ኮንግ ላይ የወፍ ጉንፋን ሰው መግደል መጀመሩ ውሳኔው ወቅታዊ እንደነበር አሳየ። በ2008 ፕሮግራሙ በአዲሱ የጦር ኃይሎች ጤና ቅኝት ማዕከል ሥር ገባ።

ጌይስ ራሱ ትልቅ ላቦራቶሪ የለውም። ሥራው በጀት መመደብ፣ ደረጃ ማውጣትና ቀድሞ የነበሩትን የባሕር ማዶና የአገር ውስጥ ተቋማት ማስተሳሰር ነው። ከ1946 ጀምሮ በካይሮ የነበረውና በቅርቡ ወደ ጣሊያን የተዛወረው የባሕር ኃይል የምርምር ክፍል፣ በባንኮክ ከታይላንድ ጦር ጋር የሚሠራው፣ በሊማ፣ በፕኖም ፔን፣ ጀርመን ውስጥ በላንድስቱልና በሳንዲያጎ ያሉት ይገኙበታል። በእኛ አካባቢ ከ1969 ጀምሮ ኬንያ ውስጥ ያለውና ከአገሪቱ የሕክምና ምርምር ተቋም ጋር የሚሠራው ክፍል አለ። አዲስ አበባም የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ክፍል ቁጥር 5 መቀመጫ ነበረች፤ ደርግ በሚያዝያ 1977 ከቃኘው ጣቢያና ከሌሎች የአሜሪካ ቢሮዎች ጋር ዘጋው። ያ ክፍል ከጌይስ በፊት የተዘጋ፣ በዋናነትም በሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ላይ የሚሠራ ቢሆንም፣ እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ ሕልውናው በአስተናጋጁ መንግሥት ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ያሳያል።

ይህ የአንድ ኃያል አገር ብቻ አሠራር አይደለም። ፈረንሳይ በማርሴይ የሠራዊቱ የወረርሽኝ ጥናትና የማኅበረሰብ ጤና ማዕከል አላት። ሲንጋፖር ደግሞ ወጣት ወንዶቿ ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና ስለሚጠሩ የሰፈሩ ትኩሳት የአገሩ ትኩሳት ነው፤ ጦሯም ቅኝቱን በቁም ነገር ይዞታል።

5. ሥራው በየቀኑ

ሥራው የሚጀምረው ከአንድ ቀላል ትርጉም ነው። በአሜሪካ ስምንት የምልምሎች ማሠልጠኛዎች በሚሠራበት መመዘኛ፣ የሰውነቱ ሙቀት 38 ዲግሪ የደረሰና የሚያስለው ወይም ጉሮሮው የሚያመው ምልምል ይቆጠራል። የምልምሉ ብዛት በየሳምንቱ ስለሚታወቅ የሕመሙ መጠን በቀጥታ ይሰላል፤ ሲቪል ሆስፒታል ይህን አይችልም፣ ምክንያቱም ቤቱ የቀረውን ሕመምተኛ አያየውም። ይህ የጦር ሰፈሩ ትልቁ ብልጫ ይመስለኛል።

ከተቆጠሩት መካከል ከጥቂቶቹ የአፍንጫና የጉሮሮ ናሙና ይወሰዳል። ናሙናው በቅዝቃዜ ተይዞ ወደ ማዕከል ይጓዛል። እዚያ በመጀመሪያ ፒሲአር በሚባል የዘር ምርመራ ኢንፍሉዌንዛ መሆኑና ዓይነቱ ይለያል፤ ብዙ ጊዜ ውጤቱ ሌላ ሆኖ ይገኛል፣ በተለይ ለረጅም ዓመታት የምልምሎች ጠላት የነበረው አዴኖቫይረስ። ከዚያ የተመረጡት ይራባሉ፣ የዘር ቅደም ተከተላቸው ይነበባል፣ ክትባቱ ውስጥ ካለው ዝርያ ጋር ይወዳደራል። ሪፖርቱ በየሳምንቱ ይወጣል፤ ናሙናዎቹም በአትላንታ ወዳለው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ይሄዳሉ፣ በእሱም በኩል ወደ ዓለም ጤና ድርጅት መረብ ሲደርሱ ቆይተዋል።

ሁለተኛው ሥራ ክትባቱ በዚያ ዓመት ምን ያህል እንደሠራ መለካት ነው። ኢንፍሉዌንዛ የተገኘባቸውና ያልተገኘባቸው ሕመምተኞች ጎን ለጎን ይቀመጡና ከየትኞቹ ብዙ ሰው እንደተከተበ ይታያል። እዚህ ላይ ጦሩ የገዛ ጥንካሬው ያስቸግረዋል። ወታደሩ ሁሉ ማለት ይቻላል የተከተበ ስለሆነ የሚወዳደርበት ያልተከተበ ሰው አይገኝም፤ ስለዚህ የወታደር ሚስቶች፣ ባሎችና ልጆች መረጃ ትልቅ ዋጋ አለው። ይህ ስሌት የዓለም ጤና ድርጅት በየካቲት ለሰሜኑ፣ በመስከረም ለደቡቡ ንፍቀ ክበብ የሚቀጥለውን ክትባት ዝርያዎች ከመምረጡ ጋር እንዲገጣጠም ይጣደፋል።

ሳይታይ የቀረም ነገር ይመዘገባል። ያማጋታ የሚባለው የቢ ዓይነት ዝርያ ከመጋቢት 2020 ወዲህ በተረጋገጠ ምርመራ አልታየም። የትም ያሉ ላቦራቶሪዎች ዓመት እስከ ዓመት ፈልገው ስላጡት፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ከክትባቱ እንዲወጣ መከረ።

6. መርከቦች፣ ካዴቶች፣ ልጆች

በ1996 ዩኤስኤስ አርካንሳስ በተባለች የጦር መርከብ ላይ 95 በመቶው ባሕረኛ ተከትቦ ሳለ 42 በመቶው ታመመ። ቫይረሱ ከክትባቱ ርቆ ነበርና። በ2014 ደግሞ በሳንዲያጎ ዩኤስኤስ አርደንት ላይ፣ ከ102 ባሕረኞች 101 ያህሉ ተከትበው 25 ሰው ክሊኒክ ገባ። እነዚህን ለክትባት ጥላቻ መከራከሪያ የሚያደርጉ አሉ፤ ልክ አይደሉም። መርከቦቹ የነገሩን ክትባት ብቻውን በቂ አለመሆኑን፣ መቆጠርና መመርመር ከክትባት በኋላም መቀጠል እንዳለበት ነው።

በ2009 የአሳማ ጉንፋን የተባለው ወረርሽኝ ቫይረስ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተያዘው በዚህ መረብ ነው፤ ያውም በወታደር ላይ ሳይሆን በልጆች ላይ። የሳንዲያጎው የባሕር ኃይል ጤና ምርምር ማዕከል ከሚሳተፍበት የመመርመሪያ መሣሪያ ሙከራ የመጣ የ10 ዓመት ልጅ ናሙና፣ እንዲሁም ለሜክሲኮ ድንበር ከሚቀርብ አካባቢ የተላከ የ9 ዓመት ልጅ ናሙና ኢንፍሉዌንዛ ኤ ሆነው ሳለ ከሚታወቁት የሰው ዓይነቶች ከአንዱም ጋር አልገጠሙም። በሚያዝያ አጋማሽ ሁለቱም አዲስ የአሳማ ዘር ያለበት ቫይረስ መሆናቸው ተረጋገጠ። ልጆቹ አልተገናኙም፣ ከአሳማም ጋር አልተነካኩም። ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው መሻገር መጀመሩን ለዓለም ያሳወቀው ይህ ነበር።

በዚያው በጋ በኮሎራዶ የአየር ኃይል አካዳሚ አዲስ ገቢ ካዴቶች ከመቶ አሥራ አንዱ ታመሙ። ሐኪሞቹ ናሙና እየወሰዱ፣ ሕመሙ ከጀመረ ከሰባት ቀን በኋላም ከአራት ናሙናዎች ወደ አንዱ የሚጠጋ ሕያው ቫይረስ እንደነበረበት አሳዩ። ሲንጋፖር ደግሞ በአራት ሰፈሮች በታማሚው ዙሪያ ላሉት ሁሉ ታሚፍሉ የተባለውን የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት በመስጠት ሞከረች፤ ከእርምጃው በፊት 6.4 በመቶ የደረሰው የመያዝ መጠን ከእርምጃው በኋላ 0.6 በመቶ ሆነ። ቆጠራው ቀድሞ ባይኖር ማን በማን ዙሪያ እንዳለ አይታወቅም ነበር።

7. የናሙናው ባለቤት ማን ነው?

የዚህ ተቋም ድካም ከጥንካሬው ጋር ይወለዳል። ላቦራቶሪው የመከላከያ ነውና ጤናን ብቻ አስቦ አይታመንም። ኢንዶኔዥያ በ2006 መጨረሻ የወፍ ጉንፋን ናሙና ለዓለም ማካፈል አቆመች፤ «ናሙናው ከእኛ ይሄዳል፣ ከሱ የሚሠራው ክትባት ግን በዋጋ ለእኛ አይደርሰንም» የሚለው ቅሬታ ፍትሐዊ ነበር። ጃካርታ ላይ የነበረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ላቦራቶሪም በዚያ ውዝግብ መካከል ገብቶ በ2010 ተዘጋ። ውጤቱ ሁሉንም ጎዳ፤ ቢሆንም ክርክሩ ፍሬ አላጣም። በግንቦት 2011 የዓለም ጤና ጉባኤ ናሙና የሚያካፍሉ አገሮች ከክትባትና ከላቦራቶሪ ድጋፍ ድርሻ እንዲያገኙ የሚያደርግ ማዕቀፍ አጸደቀ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተነሥቷል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በጥር 2025 አገራቸው ከዓለም ጤና ድርጅት እንድትወጣ ትእዛዝ ፈርመዋል። ትልቁ የወታደራዊ ቅኝት መረብ ባለቤት ከዓለም መረብ ጋር የሚያገናኘው ክር ከላላ፣ በየሰፈሩ የሚወሰደው ናሙና ለማን እንደሚደርስ ማንም በእርግጠኝነት አይናገርም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ወታደራዊ ቅኝት የሚጠቅመው ውጤቱ ከሰፈሩ አጥር ሲያልፍ ብቻ ነው። 1957 እና 2009 የተሳኩት ናሙናው በቀናት ውስጥ ለሲቪሉ ስለደረሰ ነው። ኢትዮጵያ በሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሥር ብሔራዊ የኢንፍሉዌንዛ ላቦራቶሪ አላት፤ ብዙ ማሠልጠኛም፣ ሰላም ለማስከበር ባሕር ማዶ የዘመተና የሚመለስ ሠራዊትም አላት። የአገራችን የጦር ሐኪሞችና የጤና ባለሥልጣናት ትኩሳት ያለበትን ምልምል በየሳምንቱ እንዲቆጥሩ፣ ናሙናውንም ወደዚያ ላቦራቶሪ ሳያዘገዩ እንዲልኩ እጠይቃለሁ።